በወቅቱ አጋማሽ ለጎልፍ ክለብ አባልነት ስንት ቢከፈል ፍትሐዊ ነው? ጥያቄና መልስ

በጎልፍ ክለብ የአባልነት ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አባላትን እንደ ክፍያ የሚያቀያይም ነገር የለም። በተለይ የጨዋታው ወቅት ከተጋመሰ በኋላ የሚገባ ሰው ስንት ይክፈል የሚለው ነገር። አዲሱ «ተበላሁ» ይላል፤ ነባሩ «እኛስ?» ይላል። ሁለቱም የሚሉት አላቸው። ጥያቄ ያላችሁ አምጡ ብዬ ነበር፤ የመጡትን ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ የክለቡ ዓመት ስድስት ወር ሄዷል። የዓመቱን ሙሉ ክፈል አሉኝ። ይሄ ዝርፊያ አይደለም?

ከመፍረድህ በፊት ቁጥሩን አስዘርዝረው። «የአባልነት ክፍያ» በሚባለው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ተጠቅልሏል። አንዱ መግቢያ ነው፤ አንዴ ይከፈላል። ሁለተኛው ዓመታዊ መዋጮ ነው። ሦስተኛው ክለቡ ለፌዴሬሽንና ለኢንሹራንስ የሚያስተላልፈው ነው።

መግቢያው አይቆራረስም። ክለብ ቤቱን፣ የውኃ መስመሩን፣ ማጨጃዎቹን ያቆሙት ከአንተ በፊት የነበሩት ናቸው። በየትኛውም ወር ብትመጣ የምትጠቀመው ያንኑ ነው። የሚያስተላልፉት ገንዘብም ክለቡ ሙሉውን ከከፈለ ሙሉውን መጠየቁ ያስኬዳል። ዓመታዊው መዋጮ ግን መቀነስ አለበት። ላልነበርክበት ጊዜ መክፈል ፍትሐዊ አይደለም፤ በዚህ አልደራደርም።

አንድ ነገር ግን ጠይቅ፦ ዓመቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? አንዳንድ ክለብ አባል ከሆንክበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ይሰጣል። እንደዚያ ከሆነ ሙሉ ክፍያው ትክክል ነው፤ ምንም አልተነካህም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለ12 አካፍሎ በቀረው ወር ማባዛት ነዋ! ምኑ ይከብዳል?

የሚከብደው ወሩ ሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። ብርድ በሚበረታበት አገር በክፉዎቹ ወራት ዋናው ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጥሮ የታጨደው ሳር) ይዘጋና ፌርዌዩ ላይ (ወደ ግሪኑ የሚወስደው የሳር መስመር) ጊዜያዊ ግሪን ይታጨዳል። ጠዋት ውርጭ ከጣለ እስኪቀልጥ ድረስ ሜዳው ላይ ማንም አይረግጥም። ከባድ ዝናብ ባለበት ደግሞ ተጫዋች የሚጓዝበት ጋሪ ይከለከላል፤ ባንከሩ (የአሸዋው ጉድጓድ) ውኃ ያቁራል። ውድድሩም የሚታጨቀው በደጉ ወቅት ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ዓመታዊ መዋጮው 1200 ነው እንበል። ስድስት ደግ ወር፣ ስድስት ክፉ ወር አለ። ደጉ ወር የክፉውን ሦስት እጥፍ ያወጣል ብለን እንስማማ። ደጋጎቹ 18 ድርሻ፣ ክፉዎቹ 6 ድርሻ፣ በድምሩ 24 ሆነ። አንዱ ድርሻ 50 ነው። ስለዚህ ደጉ ወር 150፣ ክፉው 50 ያወጣል።

አሁን የክለቡ ዓመት የሚጀምረው በደጉ ወቅት ነው እንበል። አንድ ሰው አራቱ ደጋግ ወራት ካለፉ በኋላ መጣ። የቀሩት ሁለት ደግና ስድስት ክፉ ወራት ናቸው። 300 ሲደመር 300፣ 600 ይከፍላል። ለ12 አካፍለን ቢሆን ኖሮ 800 እናስከፍለው ነበር። 200 ያለ አግባብ ሄደበት ማለት ነው።

ገልብጡት ደግሞ። የክለቡ ዓመት በክፉው ወቅት ይጀምራል፤ ሰውየው የመጣው ደጉ ሊገባ ሲል ነው። ስድስቱንም ምርጥ ወራት ያገኛል። ለ12 ስናካፍል 600፣ በድርሻ ስናሰላ 900 ነው። እዚህ ላይ የተጎዱት በብርድ በዝናቡ ሲከፍሉ የቆዩት ናቸው።

«ግማሽ ዓመት፣ ግማሽ ክፍያ» የሚለው ለጆሮ ደስ ይላል። ግን አንዴ አዲሱን፣ አንዴ ነባሩን ይጎዳል። ዓመቱን ሙሉ ያለ ልዩነት በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ብቻ ነው ለ12 ማካፈሉ የሚበቃው።

ጥያቄ፦ «ሦስት እጥፍ» የምትለውን ከየት አመጣኸው?

ለምሳሌ ያህል ነው። እውነተኛው ቁጥር ተጫዋቾች ጨዋታ የሚጀምሩበት ሰዓት በሚያዝበት የክለቡ መዝገብ ውስጥ አለ። በየወሩ ስንት ዙር፣ ማለትም ስንት ሙሉ ጨዋታ፣ እንደተካሄደ ቁጠሩ። በደጉ ወር የተጫወተው ሰው የክፉው ሁለት እጥፍ ከሆነ ሁለት እጥፍ በሉት። የአንድ ዓመት አየር ሊያሳስት ስለሚችል የጥቂት ዓመታት አማካይ ብትወስዱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሜዳው ግማሹን ቀን ባዶ ነው። እኔ አንድ ሰው ብጨመር ክለቡ ምን ይጎዳል? የሰጠሁትን ቢቀበሉ አይሻላቸውም?

የምትለው ገብቶኛል፤ ግማሹ እውነት ነው። የሜዳ ወጪ በሰው ቁጥር አይወሰንም። ሃምሳ ሰው ቢጫወትም አምስት መቶ፣ ሳሩ ያድጋል። የሠራተኛው ደመወዝ፣ ውኃው፣ ማዳበሪያው፣ የማሽኑ ነዳጅ ያው ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ አባል የሚያመጣው ገንዘብ አብዛኛው ትርፍ ነው።

ግን ይህን ሒሳብ ሁሉም ሰው ማሰብ ይችላል፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሁሉም «እኔ ብጨመር ምን ይጎዳል» ካለ ወጪውን የሚሸከም ይጠፋል። ክለቡ የአባላቱ ከሆነ ለአንተ የሚደረገው ቅናሽ የሚወጣው ከሌሎቹ ኪስ ነው። ክለቡ የግል ባለሀብት ንብረት ከሆነ ነገሩ ንግድ ነው፤ ተደራደር፣ ማንም አይቀየምህም።

ጥያቄ፦ እኔ ነባር ነኝ። ክረምቱንም በጋውንም ከፍያለሁ። አሁን ክለቡ ለአዲስ ሰው «በ12 ወር ክፍያ 15 ወር» ብሎ ለጥፏል። አንጀቴ አረረ። ልክ ነኝ?

ሁለት ነገር እንይ ወንድሜ። የተጨመሩት ሦስት ወራት የትኞቹ ናቸው? የወቅቱ ጭራ ከሆኑ፣ ማለትም ሜዳው ጭር የሚልባቸው ክፉ ወራት ከሆኑ፣ ክለቡ የሰጠው ትንሽ ነው፤ ያገኘው ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ሙሉ የሚከፍል ሰው ነው። ይህ መልካም ስምምነት ነው። አንተም ትጠቀማለህ፤ ያ ሰው ባይመጣ የሚቀጥለው ዓመት መዋጮህ ይጨምር ነበር።

ሦስቱ ወራት የደጉ ወቅት እምብርት ከሆኑ ግን ልክ ነህ። አንተ በከፈልክበት ሜዳ እሱ በነፃ እየተጫወተ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው፤ ማስታወቂያው ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንት ቀድሞ ሙሉ ከፍሎ የገባው ሰው። ስለ እሱ ማንም አያስብም። ክለቡ በዚያው ወቅት ለገቡት ሁሉ ልዩነቱን ለሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ቢያስብላቸው ብዙ ወጪ የለውም። የሰው ልብ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ነባሩም ወቅቱ ሲያልቅ ወጥቶ ደጉ ወር ሲመጣ በቅናሽ ቢመለስስ? ማን ይከለክለዋል?

ደንቡ ይከልክለው። ብዙ ክለቦች የወጣ አባል በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከተመለሰ ቅናሽ አያገኝም፣ ወይም መግቢያ እንደገና ይከፍላል ይላሉ። ይህ አንቀጽ ከሌለ ነገሩ ጊዜ ይፈጃል እንጂ መምጣቱ አይቀርም። ከክለብ ወደ ክለብ እየዞረ ደግ ደጉን ወር ብቻ የሚለቅም ሰው አለ።

ጥያቄ፦ ስገባ በቀረው ጊዜ ልክ ከተሰላልኝ፣ ስወጣስ ለምን በቀረው ጊዜ ልክ አይመለስልኝም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያኮርፈው እዚህ ላይ ነው። ክለቡ በዓመቱ መጀመሪያ ባጀቱን የሚሠራው ባሉት አባላት ቁጥር ነው። በመሀል የሚገባ ያልታሰበ ገቢ ነው፤ በመሀል የሚወጣ ግን የታሰበ ገቢ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። ደስ ስላላለህ ብትወጣ ገንዘብ አለመመለሱ ያስኬዳል።

መታመም ወይም በሥራ ምክንያት ከተማ መልቀቅ ግን ሌላ ነው። ጉልበቱን ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ሰው «ከፍለሃል፣ በቃ» ማለት ተገቢ አይደለም። የቀረውን ጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት ማሸጋገር ይቻላል። ከመፈረምህ በፊት ይህ በደንቡ ውስጥ መኖሩን እይ።

ጥያቄ፦ እኔ የምከፍለው በየወሩ ነው። ስለዚህ ይሄ ሁሉ አይመለከተኝም አይደል?

በጣም ይመለከትሻል እህቴ። በየወሩ መክፈል ማለት በየወሩ መውጣት ይቻላል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ግዴታው የአንድ ዓመት ነው፤ ገንዘቡ ብቻ ነው የተቆራረጠው። እንዲያውም መሀል ላይ አበዳሪ ድርጅት ካለ ወለድ ይጨመርበታል። ውሉን አንብቢ፦ ግዴታው ስንት ወር ነው? ለመውጣት ስንት ጊዜ ቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል? ጠቅላላ ድምሩ በአንዴ ከሚከፈለው በስንት ይበልጣል?

ጥያቄ፦ ከፍዬ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ግሪኑን ሁሉ በሳሱት። ኳሱ እየዘለለ አስቸገረኝ። ሆን ብለው ነው እንዴ?

ሆን ብለው ነው፤ ግን አንተን ለመጉዳት አይደለም። በእግር ብዛት ከሥር ያለው አፈር ይጠጥራል። ሥሩ አየር ያጣል፤ ውኃውም ላይ ላዩን ይቀራል። ስለዚህ ማሽኑ ጣት በማይሞላ ክፍት ቱቦ አፈሩን እየነቀለ ያወጣል። ግሪኑ ላይ ትናንሽ የአፈር ቡሽ የመሰለ ነገር ተበትኖ ታየዋለህ። ያ ይጠረግና ቀዳዳው በአሸዋ ይሞላል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ኳሱ ይንቀጠቀጣል፤ ሳሩ ሲገጥም ይስተካከላል። ይህ ባይደረግ በሚቀጥለው ዓመት የምትጫወትበት ግሪን አይኖርም።

ብዙ ሜዳ ይህን የሚያደርገው በደጉ ወቅት መግቢያና መውጫ አካባቢ ነው። ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። የክለቡ ጥፋት ሳይነግሩህ ገንዘብህን መቀበላቸው ነው። «ግሪኑ የሚበሳው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከዚያ በኋላ ብትጀምር ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ሃንዲካፕ የለኝም። በመሀል ብገባ ውድድር ይደርስልኛል?

ሃንዲካፕ የተጫዋቹን የችሎታ ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዓለም ሃንዲካፕ ሥርዓት መጀመሪያ የሚያስፈልግህ የ54 ጉድጓድ ውጤት ነው። ሦስት ጊዜ 18፣ ስድስት ጊዜ 9፣ ወይም ቅልቅል መሆን ይችላል። መነሻ ሃንዲካፕህ እስከ 54.0 ሊደርስ ይችላል። ውጤቶችህ 20 ሲሞሉ ከመጨረሻዎቹ 20 የተሻሉት 8ቱ አማካይ ይያዛል።

ከክፍያ ጋር የሚያገናኘው ይህ ነው። በአንዳንድ አገር ከወቅቱ ውጭ የተጫወትከው ለሃንዲካፕ አይቆጠርም። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ከገባህ የሚያስፈልጉህን የውጤት ካርዶች ሳትጨርስ ሊዘጋብህ ይችላል። ውድድር ለመጫወት ብለህ ከሆነ የምትገባው፣ የቀረህ ወር ሳይሆን የቀረህ ውድድር ነው የሚቆጠረው። የውድድር ፕሮግራሙን ይዘህ ተደራደር። ሌላ ክለብ ሳለህ የያዝከው ሃንዲካፕ ካለ አብሮህ ይመጣል።

ጥያቄ፦ በገባሁ በወሩ ለውኃ መስመር ማደሻ ልዩ መዋጮ ጠየቁኝ። ገና ምኑን ተጠቀምኩና?

ገና የምትጠቀመው አንተ ነህ። የሜዳ ውኃ መስመር አንዴ ከተዘረጋ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሊወጣ የተቃረበ አዛውንት አባል እንደ አንተ አይጠቀምበትም። ስለዚህ መዋጮውን አልቃወምም። የምቃወመው አለመንገራቸውን ነው። ጉባኤው ወስኖት የነበረ ነገር ከሆነ፣ ሳትፈርም በፊት በጽሑፍ ሊነገርህ ይገባ ነበር። ካልተነገረህ ጥያቄህን በደብዳቤ አቅርብ፤ ቢያንስ በክፍልፋይ እንዲሆንልህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በክለቡ ምግብ ቤት የግዴታ የሚወጣው የምግብ ወጪ፣ ሎከር (የዕቃ ሣጥን)፣ ጋሪ፣ እነዚህስ?

በቀረው ጊዜ ልክ ይቀነሱ። የምግቡ በሦስት ወር ወይም በዓመት የሚታሰብ ከሆነ በተለይ ጠይቁ፤ ሙሉውን የሚያስከፍሉ አሉ።

ጥያቄ፦ ወቅቱ ሊያልቅ ነው። አሁን አባል ልሁን ወይስ እየከፈልኩ በእንግድነት ልጫወት?

የተጠየቅከውን ለዕለት ክፍያው አካፍል። 600 ከተጠየቅህና የዕለቱ 40 ከሆነ 15 ዙር ነው። በቀረው ጊዜ 15 ጊዜ ትጫወታለህ? በምኞትህ ሳይሆን ባለፈው ዓመት በተጫወትከው ልክ መልስ። ካልሞላ በእንግድነት ጨርስና በአዲሱ ዓመት ግባ። በነጥብ የሚሠራ አባልነት (ነጥብ ገዝተህ በተጫወትክ ቁጥር የሚቀነስበት) ካለም ተመልከት፤ በደጉ ወር ቅዳሜ ጠዋት ብዙ ነጥብ፣ በክፉው ወር የሥራ ቀን ጥቂት ነጥብ ይቀነሳል። በመሀል ለሚገባ ሰው ከዚህ የቀረበ ፍትሐዊ አሠራር አላየሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ክለቡ የተጠባባቂ ዝርዝር ካለው ይህ ሒሳብ አይሠራም። ቦታ ሲገኝ ካልያዝከው ለሚቀጥለው ሰው ይሄዳል።

ጥያቄ፦ እኔ የአንድ ክለብ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ደንቡን እንዴት ብንጽፈው ይሻላል?

ሰንጠረዥ አድርጉት። በአንድ በኩል የገባበት ወር፣ በሌላው የሚከፍለው መቶኛ። ከመዝገባችሁ አስልታችሁ ጉባኤው ያጽድቀው፤ ከዚያ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። መግቢያው የማይቀነስ መሆኑን፣ የወጣ ሲመለስ ምን እንደሚሆን፣ የታመመ ሰው ጊዜ እንዴት እንደሚሸጋገር እዚያው ጻፉ። ልዩ ቅናሽ ማድረግ ካስፈለገ ኮሚቴው ይወስን፤ ውሳኔውም ለአባላት ይነበብ። ለአንዱ በሹክሹክታ የተደረገ ቅናሽ ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ጆሮ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ሰው ለድርድር ነው የሚመጣው። ሰንጠረዡን አዘጋጅታችሁ ቁጥሩ አልዋጥላችሁ ካለ የየወሩን የዙር ብዛት ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።