ጥያቄና መልስ፦ ብሌድ ውስጥ ምን ይቅር፣ ምን ይውጣ?

ጥያቄ፦ በላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) የዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። የገጹን መልክ በሚይዙት ብሌድ ፋይሎቼ ውስጥ በኢንጀክት (ብሌድ ውስጥ ሰርቪስ በሚጠራው መመሪያ) የጠራኋቸው ሰርቪሶች፣ የቫት ስሌትና ኩዌሪ (የዳታቤዝ ጥያቄ) ተደበላልቀዋል። የትዕዛዝ ዝርዝሩ ገጽም ይንቀራፈፋል። የቱን የት ላድርገው?

መልስ፦ ከሚንቀራፈፈው እንጀምር። ገጹ 50 ትዕዛዝ የሚያሳይ ከሆነና ፎርኢች (ረድፎቹን አንድ በአንድ የሚያሳየው ዙር) ውስጥ የደንበኛውን ስም ከትዕዛዙ የሚያወጡ ከሆነ፣ ለየረድፉ አንድ ኩዌሪ ይሄዳል፤ ከዋናው ጋር 51። ኮንትሮለሩ (ዳታ አዘጋጅቶ ለገጹ የሚያቀብለው ክላስ) ላይ በዊዝ ደንበኛውን አብረው ያምጡት፣ 2 ብቻ ይሆናል። እንዳያመልጥዎ በአፕ ሰርቪስ ፕሮቫይደር ቡት (አፕሊኬሽኑ ሲነሣ የሚሠራው ክፍል) ውስጥ ፕሪቨንት ሌዚ ሎዲንግን (እንዲህ በየረድፉ መጠየቅን የሚከለክለውን) ያብሩ፤ ግን ሲሠሩ ብቻ፣ ፕሮዳክሽን ላይ ገጹን በኤረር ያቆመዋል።

ቫት ከብሌድ ይውጣ። ዋጋው 49.98 ብር የሆነ ዕቃ 3 ቢሸጥ፣ 15 በመቶው በየዕቃው ተጠጋግቶ ሲደመር 22.50፣ ከጠቅላላው ሲሰላ ግን 22.49 ነው። ገጹ አንዱን፣ ፒዲኤፍ ደረሰኙ ሌላውን ሲያሳይ ሒሳብ ሠራተኛው ይደውልልዎታል። ስሌቱ በአንድ ክላስ ይቀመጥ፣ ሁሉም ከዚያ ይውሰድ።

ኢንጀክት ነውር አይደለም፣ ላራቬል ራሱ የሰጠው ነው። ችግሩ ገጹ ምን እንደሚፈልግ ኮንትሮለሩን አንብቦ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ለአንድ ገጽ ብቻ ከሆነ ሰርቪሱን ኮንትሮለሩ ይቀበል፣ ውጤቱን ለቪው (ለብሌድ ፋይሉ) ያቀብል። እንደ ቅርጫት ቁጥር በየገጹ ላለ ነገር ቪው ኮምፖዘር (ቪው በታየ ቁጥር ዳታ የሚያቀብለው ኮድ) ይሻላል፤ ከሄደር ፋይሉ ስም ጋር እንጂ ከኮከብ ምልክት (ሁሉም ቪው ማለት ነው) ጋር አያስሩት። በኮከብ ካሰሩት በኢንክሉድ ለሚገባው ቁራጭ ፋይል ሁሉ እየተደጋገመ ይሠራል። ቡት ውስጥ በቪው ሼር ለሁሉም ገጽ ማቀበልም አያዋጣም፦ ሴሽን ገና ስላልተጀመረ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ እዚያ ኩዌሪ ካለ ደግሞ አዲስ ሰርቨር ላይ ሠንጠረዡ ሳይፈጠር፣ ሠንጠረዦቹን የሚፈጥረው ማይግሬት ራሱ ይወድቃል።

ብሌድ ውስጥ ኢፍ፣ ፎርኢችና አቀራረብ ይቅሩ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት አቀራረብ ነው፤ ዳታቤዙ ላይ ግሪጎሪያኑ ይቀመጥ። መቀየሪያው ግን የራሱ ክላስ ይኑረው። ብሌድ ላይ 8 ዓመት መቀነስ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያሳስታል፣ ልዩነቱ ያኔ 7 ነው፤ መስከረም 1 ደግሞ አንዳንዴ በሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ በ12 ይውላል።