ሰፈሩን በአዘቦት ቀን እዩት

ይህን እትም ለአንድ ጉዳይ ሰጥተነዋል፤ ቤተሰብ ይዞ ወደማያውቁት ከተማ ስለመግባት። ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች ጥቂት አይደሉም፤ አብዛኞቹም የሚጠይቁት ያው አንድ ነገር ነው፦ «የትኛው ሰፈር ይሻለናል?» የከተማ ስም ብቻ ነግሮኝ ሰፈር ምረጥልኝ ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም። ለአንዱ ቤተሰብ የተመቸ ሰፈር ለሌላው የየቀን ምሬት ሊሆን ይችላል። እንዴት እንደሚመረጥ ግን የምለው አለኝ። አራት ደብዳቤዎችን አሳጥሬ አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። የ7 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉን። በሁለት ወር ውስጥ መግባት አለብን፤ ግን ዓይናችን አዋጅ ሆኖብናል። አንደኛው ሰፈር ለመሥሪያ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ቤቱ ግን ጠባብ። ሁለተኛው የከተማው ዳር ነው፤ ቤቱ ሰፊ፣ ግቢ ያለው፣ ኪራዩም ቅናሽ። ባለቤቴ ዳሩን ወዶታል፤ «መንገዱን እለምደዋለሁ» ይላል። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። ምን ትለናለህ?
ልቧ ያልተቀበለው እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ እውነቱን ነው። ሰው ጠባብ ቤት ይለምዳል። የወጥ ቤቱን ማነስ ይለምዳል፣ የጎረቤቱን ውሻ ጩኸት ሳይቀር ይለምዳል። የመንገድ መጨናነቅ ግን ዛሬ 40 ደቂቃ፣ ነገ 1 ሰዓት ከሩብ እየሆነ ስለሚቀያየር ለመልመድ አይመችም። ብሩኖ ፍራይ እና አሎይስ ስቱትዘር የተባሉ በስዊዘርላንድ የሚሠሩ ኢኮኖሚስቶች የጀርመን ቤተሰቦችን መረጃ ይዘው ይህንኑ መርምረዋል፤ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። በኢኮኖሚስት ስሌት ከሩቅ የሚመላለስ ሰው ወይ በደመወዝ ወይ በርካሽ ቤት ይካሳል፣ ስለዚህ በኑሮው ከሌላው ያነሰ ደስተኛ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ያገኙት ግን ተቃራኒውን ነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሰዎቹ በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ቀንሷል። ካሳው አልበቃም ማለት ነው።

እስቲ አብራችሁ አስሉት። ባለቤትሽ በአንድ ጉዞ 45 ደቂቃ ቢጨመርበት ደርሶ መልሱ 1 ሰዓት ተኩል ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን ሲባዛ 7 ሰዓት ተኩል። አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ሊሆን ምንም አልቀረው! ያ ሰዓት ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ ከእንቅልፉ፣ ከልጆቹ የቤት ሥራ፣ ካንቺ ጋር ቁጭ ብሎ ከሚያወራበት ነው የሚቆረጠው። ልጆቹን ጠዋት የሚያደርሰው ማነው? አንዱ ትምህርት ቤት ውስጥ ቢያተኩሰው ማነው ሮጦ የሚሄደው? የሁሉም መልስ «አንቺ» ከሆነ የኪራዩን ቅናሽ የምትከፍይው አንቺ ነሽ። ይህን በዚሁ ቃል ንገሪው። ቅር ቢለውም ይሰማሻል።

ከዚያ ሁለታችሁም ወረቀት አውጡና የአንድ ተራ ማክሰኞ ውሏችሁን ጻፉ። ማን በስንት ሰዓት ከቤት ይወጣል፣ የት ይሄዳል፣ በምን ይሄዳል፣ ማን ይመልሰዋል፣ ገበያ መቼ ይኬዳል። ያንን ውሎ ወስዳችሁ በሁለቱም ሰፈሮች ላይ ሞክሩት። ርቀቱን በኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፣ በሰዓት ቁጠሩት። ጉግል ማፕ ላይ የምትደርሱበትን ቀንና ሰዓት መርጣችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በአካል መሄድ ከቻላችሁ ግን የሚሻለው እሱ ነው። ብዙ ሰው ቤት የሚያየው እሑድ ከሰዓት ነው። እሑድ ከሰዓት ደግሞ የማያምር ሰፈር የለም፤ መንገዱ ባዶ፣ ሰዉ ዘና ያለ፣ ግንባታው የቆመ። ልጆች ትምህርት ቤት በሚገቡበት ሰዓት፣ በሥራ ቀን ሂዱ።

ስለ ልጆቹ ትምህርት አንድ ጥብቅ ነገር ልበልሽ። ትምህርት ቤቱ ለሁለቱም ቦታ እንዳለው ሳታረጋግጡ የቤት ውል እንዳትፈርሙ። ትምህርት ቤቱ ሞልቶ ሁለቱ ልጆች በሁለት አቅጣጫ ከተበተኑ ያ ሰፊ ግቢ ምንም አያደርግላችሁም።

«ሰፈር የልጅ ዕድል ይወስናል» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ወሬው ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ድህነት በጠናባቸው ሰፈሮች ይኖሩ ለነበሩ ቤተሰቦች በዕጣ የኪራይ ድጋፍ ተሰጥቶ ወደ ተሻለ ሰፈር እንዲገቡ ተደርጎ ነበር። ራጅ ቼቲ የተባለ ኢኮኖሚስትና ሁለት ባልደረቦቹ ከብዙ ዓመት በኋላ የልጆቹን ገቢ ሲመረምሩ፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዘዋወሩት በሃያዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ ካልተዘዋወሩት 31 በመቶ ገደማ የበለጠ ያገኙ ነበር። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ግን የተለካው በጣም ከተጎዳ ሰፈር በመውጣት ነው። ሁለት ደህና ሰፈር ፊት ለፊት አስቀምጦ ለሚያማርጥ ሰው እንቅልፍ የሚነሳ ነገር የለውም። ያንቺዎቹ ደግሞ ሁለቱም ከ13 በታች ናቸው፤ ጊዜ አላችሁ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ጠባቡ ቤት ይሻላችኋል፣ ለአንድ ዓመት። ከዚያ በኋላ ከተማውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። የማይገባውን ዕቃ ሽጡት ወይም ዘመድ ቤት ይቆይ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት የቀረኝ ሰው ነኝ። ቤታችንን ሸጠን ከባለቤቴና ከመጨረሻ ልጃችን ጋር ትልልቆቹ ልጆቻችን ወዳሉበት ከተማ ልንገባ ነው። ከተማውን የማውቀው በእንግድነት ብቻ ነው። ደላላው አንድ ቤት በፎቶ ልኮልኝ፣ «ቶሎ ካልፈረሙ ያመልጥዎታል፤ አካባቢው በቅርቡ አስፋልት ይገባለታል፣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል» እያለ ያዋክበኛል። ልግዛ?
የተዋከቡ አባት

መልስ፦ ጋሼ፣ አይግዙ። መጀመሪያ ይከራዩ።

የተከራየ ሰው ቢሳሳት የሚከስረው የጥቂት ወር ኪራይና የዕቃ ማጓጓዣ ነው። የገዛ ሰው ሲሳሳት ግን ለመሸጥም ጊዜ፣ ለደላላም ኮሚሽን፣ ለስም ማዛወሪያም ገንዘብ ያወጣል፤ እርስዎ ደግሞ ቀድሞ የነበረዎትን ቤት ሸጠዋል፣ መመለሻ የለዎትም። «ያመልጥዎታል» ለሚለው፣ ያምልጥ። ከተማ ሙሉ ቤት አለ። ስለ አስፋልቱም ያልገባ መንገድ ዋጋ አይክፈሉ። ሲገባ ይከፍላሉ። ዛሬ እርስዎን የሚያገለግልዎት ዛሬ ያለው መንገድ፣ ዛሬ ያለው ውሃና ዛሬ ያለው ክሊኒክ ነው።

ፎቶ ደግሞ ሽታ የለውም። ቤቱን በሥራ ቀን ጠዋት፣ ከመሸ በኋላ፣ ከቻሉ ደግሞ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ይዩት። ገብተው መስኮቱንና ጣሪያውን ከማድነቅዎ በፊት ጎንበስ ብለው የግድግዳውን ግርጌ ይመልከቱ። ከጉልበት በታች ቡናማ መስመር ክፍሉን ዙሪያውን ከዞረ፣ ወይም የታችኛው ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከላይኛው ጋር አልገጥም ካለ፣ ውሃ ገብቶ ያውቃል ብለው ይጠርጥሩ። ቁም ሳጥን ከፍተው ያሽቱ፤ እርጥበት የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ ወጣ ብለው የጎረቤቶቹን በር ይዩ። ሁሉም ደፋቸውን በሲሚንቶ ከፍ አድርገው ከሆነ መልሱን አገኙ።

የሚጠይቁትን ሰው ይምረጡ። ደላላው ካልሸጠ አይበላም፤ እሱን መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። ጥበቃውን፣ ጥግ ላይ ያለውን ባለሱቅ፣ ልጇን ከትምህርት ቤት የምትመልሰውን እናት ይጠይቁ። አጠያየቁም ዘዴ ይፈልጋል። «እዚህ ጎርፍ አለ?» ካሉ «ኧረ የለም!» ይባላሉ፤ ሰው ሰፈሩን ማማት አይወድም። «ዝናብ ሲበረታ ውሃው እስከ የት ይመጣል?» ብለው ይጠይቁት። ሳያስበው እጁን ዘርግቶ ያሳይዎታል። «ውሃ ትመጣለች ወይ?» ሳይሆን «ውሃ የምትመጣው በስንት ሰዓት ነው?» ይበሉ። ማታ ላይ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ቧንቧውን ራስዎ ከፍተው ግፊቱን ማየትም ይቻላል፣ ማንም አይከለክልዎትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባይጠይቁኝም። ልጆችዎ ካሉበት ሰፈር መግባት የግድ አይደለም፤ ከእነሱ አንድ አጭር ጉዞ ላይ መሆን ይበቃል። ትልልቅ ልጆች ሥራ ይቀይራሉ፣ ቤት ይቀይራሉ። እነሱን ብለው የገዙበት ሰፈር ውስጥ ብቻዎን ሊቀሩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ፣ ከትንሽ ልጃችንና ከእናቴ ጋር ነው የምንገባው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ሁለት ቤት አግኝተናል። አንዱ አውራ ጎዳና ዳር ግራውንድ ላይ ነው፤ ሌላው ገባ ያለ ሰፈር ውስጥ ሆኖ ሊፍት የሌለው 3ኛ ፎቅ ነው። እናቴ «እኔ እንዳልከብዳችሁ፣ የፈለጋችሁትን ምረጡ» ትላለች።
እናቷን ይዛ የምትገባ

መልስ፦ «እንዳልከብዳችሁ» የምትል እናት 3ኛ ፎቅ ላይ ከገባች ከቤት መውጣት ታቆማለች፣ አላማርርም ብላ። ስለዚህ ፎቁን ተዪው።

ጎዳና ዳሩም ቢሆን ደስ አይለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የመኪና መንገድ ድምፅ የሙሉ ቀን አማካዩ ከ53 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው)፣ የሌሊቱ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። በስልክሽ ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ ጭነሽ ሌሊት የመኝታ ቤቱ መስኮት አጠገብ ያዢው። ስልክ ቁርጥ ያለ ልክ አይሰጥም፤ ሁለት ቤት ለማወዳደር ግን ይበቃል። ጭሱም አለ፤ ከትልቅ መንገድ ጥቂት መቶ ሜትር ገባ ሲባል በደንብ ይቀንሳል። ለትንሽ ልጅ ሳንባ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከድምፁና ከጭሱ ይልቅ ግን እኔ የማስበው ስለ እናትሽ ውሎ ነው። እናንተ ሥራ ትውላላችሁ፣ እሷ ከማን ጋር ትውላለች? ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ ምሁር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የመኪናቸው ብዛት የሚለያይ ሦስት መንገዶችን አጥንቶ ነበር። በቀን 2,000 ገደማ መኪና በሚያልፍበት መንገድ የሚኖር ሰው በአማካይ እዚያው መንገድ ላይ 3 ጓደኞች ነበሩት። 16,000 ገደማ በሚያልፍበት ግን አንድ እንኳን አይሞላም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገር እና ባልደረቦቹ ደግሞ የባለትዳር ተማሪዎችን መኖሪያ ሲያጠኑ (እ.ኤ.አ. በ1950 ነው የታተመው) በሩ ከበር የተጎራበተውን ሰው ወዳጄ ያሉት 41 በመቶ ሲሆኑ፣ በዚያው ፎቅ ላይ የኮሪደሩ ሌላ ጫፍ ያለውን ግን 10 በመቶ ብቻ ናቸው። በጥቂት በሮች ልዩነት! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የምንለውን እነሱ ቆጥረውት መጡ።

ስለዚህ ሦስተኛ ቤት ፈልጊ። ገባ ያለ፣ ግራውንድ ላይ የሆነ፣ በሩ ሰው ወደሚመላለስበት ግቢ ወይም መንገድ የሚከፈት። ከሁለቱ ቤቶች ያነሰ ክፍል ቢኖረውም ውሰጂው። ከመፈረምሽ በፊት እናትሽን ይዘሻት ሂጂና በራሷ እግር እስከ ሱቁ ደርሳ ትመለስ። የት ላይ ቆማ እንዳረፈች፣ መቀመጫ እንዳገኘች፣ መንገድ ስትሻገር እንደፈራች እዪ። ስትመለስ አትጠይቂያት፣ «ጥሩ ነው» ነው የምትልሽ።

ጥያቄ፦ 15 ዓመቴ ነው። ቤተሰቦቼ ወደ ሌላ ከተማ ልንገባ ነው ብለው ከወሰኑ በኋላ ነው የነገሩኝ። ጓደኞቼን ትቼ መሄድ አልፈልግም። ሰፈር ሲመርጡም ማንም አልጠየቀኝም። ምን ማድረግ እችላለሁ?
ያልተጠየቀችው

መልስ፦ መናደድሽ ያለ ነገር ነው፣ አልፈርድብሽም። በላይ የጠቀስኩት የአሜሪካው ጥናት ላይም ከ13 ዓመት በኋላ የተዘዋወሩት ልጆች የትንንሾቹን ያህል አልተጠቀሙም፤ እንዲያውም ትንሽ የመጎዳት ምልክት ታይቶባቸዋል። ወላጆች ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል። ባንቺ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚለውጠው ቤት ብቻ አይደለም።

ዝውውሩን ማስቀረት ምናልባት አትችይም። ሰፈሩ ላይ ግን አፍ ሊኖርሽ ይገባል። «አልሄድም» ብለሽ ከገባሽ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ይልቅ የምትፈልጊውን ቆጥረሽ ያዢ፤ ሦስት ነገር፣ ከዚያ አይብዛ። ስፖርት ትሠሪያለሽ? ሜዳው የት ነው? የምታነቢበት ቤተ መጻሕፍት አለ? ማንም ሳያደርስሽ ብቻሽን ሄደሽ ብቻሽን የምትመለሺበት ቦታ አለ? የመጨረሻዋን አጥብቀሽ ያዢ። ሁሉ ቦታ በወላጅ መኪና ብቻ የሚኬድበት ሰፈር ለ15 ዓመት ልጅ ጓደኛ ማፍሪያ አይሆንም፤ አባትሽም በየቅዳሜው ሹፌር መሆኑ ሲገባው ካንቺ ጋር ይስማማል።

ሌላው ጊዜው ነው። በትምህርት ዓመቱ መሃል ከመግባት ይልቅ ሲጀመር ብትገቢ፣ ሌሎች አዲስ ተማሪዎችም ስለሚኖሩ ይቀልሻል። ይህን ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ወላጆች ሳያስቡት ነው የሚቀረው።

ቤት ሲመርጡም የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ሲደርሱ ይዘውሽ እንዲሄዱ ጠይቂያቸው። ስትሄጂ ያንቺ የሚሆነውን ክፍል ብቻ አይተሽ እንዳትመለሺ። ከበሩ እስከ አውቶቡሱ ያለውን በእግርሽ ሂጂው፤ አንዴ በቀን፣ አንዴ ከመሸ ከአንዳቸው ጋር። መብራት የሌለበትን፣ ሰው የማይታይበትን ቦታ በስልክሽ ፎቶ አንሺና አሳዪያቸው።