ፖርቶ መጋላ በራሳችን ስንሠራ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ለገጠር መንገድ መኪናችሁ ፖርቶ መጋላ (ጣሪያው ላይ የሚታሰር የዕቃ መጫኛ) ለማሠራት ወይም በእጃችሁ ለመሥራት ያሰባችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። እስካሁን ሦስት ሠርቻለሁ። ሁለቱ ዛሬም መንገድ ላይ ናቸው። አንዱን ራሴ አፍርሼዋለሁ፤ ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አለኝ። በያጁ "ጠንካራ እንዲሆን 40 በ40፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ግዛ" አለኝ። ልግዛ?

ወንድሜ፣ አትግዛ። በያጁ ለበርና ለአጥር የለመደውን ነው የነገረህ። በር መሬት ላይ ነው የሚቆመው፤ ይሄ ግን አናትህ ላይ ነው የሚወጣው።

እስቲ እናስላው። ርዝመቱ 1.80፣ ወርዱ 1.30 ሜትር የሆነ ፖርቶ መጋላ ከነአጥሩና ከነአግዳሚዎቹ ወደ 21 ሜትር ብረት ይፈጃል። ባለ 40 በ40፣ 3 ሚሊው በሜትር 3.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ገና አንድ ዕቃ ሳትጭን ከ70 ኪሎ በላይ ተሸከምክ ማለት ነው። 25 በ25፣ 1.5 ሚሊው ግን በሜትር 1.1 ኪሎ ነው። ያው ፖርቶ መጋላ በ23 ኪሎ ያልቃል። እግሮቹንና ቡሎኑን ጨምረህ 30 በለው።

የመኪናህን መመሪያ መጽሐፍ ክፈትና የጣሪያውን የጭነት ልክ እይ። ብዙ መኪኖች ላይ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ነው። ቁጥሩ የፖርቶ መጋላውንም ክብደት ይጨምራል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በከባድ ብረት ከሠራኸው የምትጭንበት ኪሎ አይተርፍህም። ጥንካሬ የሚመጣው ከብረቱ ውፍረት ብቻ አይደለም፤ አግዳሚዎቹን ጠጋ ጠጋ ካደረግክና እግር ካበዛህ ቀጭኑ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቱሪስት ይዤ ወደ ዳሎል እወርዳለሁ። አራት ጀሪካን ውሃ ፖርቶ መጋላው ላይ ብጭንስ?

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። አራቱ 80 ኪሎ። ይህ ሁሉ ከመሬት ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን መኪናው በየኩርባው ያዘነብላል። ሊማሊሞን ሙሉ ጭነት አናቱ ላይ ይዞ የወረደ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ውሃውን ውስጥ፣ ወለሉ ላይ አድርገውና በደንብ እሰረው። ላይ የሚወጣው ቀላል ነገር ይሁን፦ ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ሸራ፣ ባዶ ጀሪካን።

ደግሞ ከዳሎል ስትመለስ ፖርቶ መጋላውን በንጹህ ውሃ እጠበው። ጨው ብየዳው ላይ ከቆየ ቀለሙን ሰርስሮ ይገባል።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ጣሪያው ጠርዝ ላይ የዝናብ ውሃ መውረጃ የለውም። ጣሪያውን በስቼ ልሰር?

እህቴ፣ በፍጹም እንዳትበሺው። በቀዳዳው ውሃ ይገባል፣ ዝገቱ ይከተላል። ቆርቆሮው ራሱም ጭነት እንዲሸከም አልተሠራም። የጎኑን ረጅም የፕላስቲክ ሽፋን ቀስ ብለሽ አንሺው። ብዙ መኪኖች ከሥሩ ከፋብሪካ የተዘጋጀ የቡሎን ቦታ አላቸው። እግሮቹን እዚያ ላይ ሥሪ። ከሌለው ለዚያ ሞዴል የተሠራ እግር ፈልገሽ ግዢ።

ጥያቄ፦ ያፈረስከው የትኛውን ነው? ለምን?

ሁለተኛውን። እግሮቹ አራት ብቻ ነበሩ። ወደ ቱርሚ ስንወርድ ኮሮኮንቹ ላይ ከላይ ቀጭን ድምፅ ጀመረ፤ ጢቅ፣ ጢቅ። የገመዱ መያዣ መስሎኝ ዝም አልኩ። ቆም ብዬ ስወጣ የግራው የፊት እግር ዳዶ የለም። እግሩ ከቦታው ሸሽቶ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቆታል። ሌላው እግር ብቻውን ሲሸከም ስለቆየ የውሃ መውረጃው ጠርዝ ወደ ውጭ ተጣሟል። ያ ጠርዝ እስከ ዛሬ ቀጥ አላለም።

ከዚያ ወዲህ በየጎኑ ሦስት እግር፣ በድምሩ ስድስት አደርጋለሁ። እግሩ ጠርዙን በሚነካበት ቦታ ወፍራም ጎማ አስገባለሁ፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ይሆናል። ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለው ይሁን፤ ተራ ዳዶ በንዝረት ይፈታል። መጀመሪያ 50 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ አጥብቁት። ኮሮኮንች ላይ ከሆናችሁ በየምሽቱ በቁልፍ ነካ ነካ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ልኩ እንዳይሳሳት መኪናው ላይ እንዳለ ብበይደው ምን አለበት?

ብዙ ነገር አለበት። ፍንጣሪው መስታወቱን ይበሳሳል፣ ኮርኒሱን ሊያቃጥል ይችላል። የብየዳው ኃይል የመኪናውን ኤሌክትሮኒክስ ሊጎዳው ይችላል። ልኩን በካርቶን አውጣና መሬት ላይ ሥራ።

ለ1.5 ሚሊ ቱቦላሬ ባለ 2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ተጠቀም። ከ40 እስከ 60 አምፔር ይበቃሃል። ኃይሉ ከበዛ ቱቦው ዓይንህ እያየ ይቀዳደዳል። መጀመሪያ ሁሉንም ነጥብ ነጥብ እያደረግክ ያዘው። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ ለካ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ጠማማ ነው፤ አሁኑኑ መታ መታ አድርገህ አስተካክል። ስትጨርሰው አንዱን ጎን በአንዴ አትበይድ፤ ሙቀቱ ይስበዋል። እያፈራረቅክ ሂድ። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት ከሆነ ሽፋኑን ፍቀህ፣ ነፋስ ባለበት ሥራ። ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ዓመት ሳይሞላው ከውስጥ ዛገብኝ።

ቱቦው ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው። ጫፎቹን ሁሉ ድፈን። ከሥር በኩል ደግሞ 5 ሚሊ የሆነች ቀዳዳ ክፈትለት፤ የገባው ይውጣ። ቀለም ከመቀባትህ በፊት የብየዳውን ቅርፊት አራግፍ፣ ዘይቱን በቲነር ጥረግ፣ ሁለት እጅ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀባ።

ጥያቄ፦ በ80 ስነዳ ያፏጫል።

አንዱ ጫፍ ክፍት ነው። ድፈነው። ካልቆመ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ገመድ ጠምዝዝበት።

ጥያቄ፦ አሉሚኒየም አይሻልም?

ክብደቱ የብረት ሲሶ ነው። ግን ብየዳው የራሱ ማሽንና ጥሩ እጅ ይፈልጋል። የተበየደበት ቦታም ይለሰልሳል። አሉሚኒየም በደንብ የሚበይድ ሰው ካላገኘህ በብረት ሥራ።

ጥያቄ፦ ገጠር ስንገባ ሰው ላዩ ላይ ቢቀመጥስ?

አይሆንም። አንድ ሰው 60 እና 70 ኪሎ ነው፤ ያውም የሚንቀሳቀስ ጭነት። የዛፍ ቅርንጫፍ አለ፣ ዝቅ ያለ ሽቦ አለ። ድንገት ፍሬን ሲያዝ የሚይዘው ነገር የለውም። መኪናው ቆሞ ዕቃ ለማውረድ መውጣት ይቻላል። የሚወጣው ሰው እግሩን አግዳሚዎቹ ላይ ይርገጥ፣ ቆርቆሮው ላይ አይደለም።