መልስ፦ ነብራስካ የሰፈረው ቅድመ አያት ከየትኛው መንደር መጣ?

እህቴ፣ የባለቤትሽ ቅድመ አያት ከጀርመን መጥቶ በአሜሪካዋ ግዛት ነብራስካ መሬት እንደያዘ ደርሰሽበታል፤ የጠፋብሽ የትውልድ መንደሩ ነው። እኔ ብሆን ከመሬት ፋይሉ እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣው የሆምስቴድ ሕግ (ለሰፋሪዎች የመንግሥት መሬት በሚሰጠው የአሜሪካ ሕግ) 160 ኤከር የወሰደ ሰው አምስት ዓመት እንደኖረበትና እንዳረሰው ማስመስከር ነበረበት። የውጭ ተወላጅ ከሆነ የዜግነት ወረቀቱንም ያቀርባል። ፋይሉን ከአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት መጠየቅ ይቻላል። የምስክሮቹ ቃል ውስጥ ቤቱ፣ ያረሰው መሬት፣ የቤተሰቡ ብዛት ሳይቀር ይገኛል። እውነት ለመናገር፣ ያንን ስታነቢ ሰውየው ፊትሽ የቆመ ያህል ነው የሚሰማሽ።

የ1890 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ጊዜሽን አታጥፊ፤ በ1921 በተነሳ ቃጠሎ ምክንያት አብዛኛው ጠፍቷል። የ1900ው ግን አሜሪካ የገባበትን ዓመት ይነግርሻል። ዓመቱን ይዘሽ የጀርመኑን ወደብ የሃምቡርግን የመርከብ ተሳፋሪዎች መዝገብ ፈትሺ፤ ከ1850 ጀምሮ ያለ ሲሆን የተሳፋሪውን የመጨረሻ መኖሪያ ይጽፋል። ከብሬመን ተሳፍሮ ከሆነ ይከብዳል፤ የዚያ ወደብ መዝገብ አብዛኛው የለም። ያኔ እሱ ነብራስካ ውስጥ ይሳለምበት የነበረውን ቤተ ክርስቲያን የጋብቻና የቀብር መዝገብ ጠይቂ። ስሙንም በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጊ፤ ለምሳሌ ሽሚት የሚለው ስም ስሚዝ ተብሎ ሊገኝ ይችላል።