የፈረስሽን ስም የሚጠይቅሽ ሰው

እኅቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነክቶታል። ከአዊ ወደ ባሕር ዳር በሥራ ተዛውረሽ፣ ፈረስሽንም አስመጥተሽ፣ እስካሁን ብቻሽን እንደምትጋልቢ ጽፈሻል፤ አብሮሽ መንገድ የሚወጣ ሰው ከየት እንደሚገኝም ጠይቀሻል። ብዙ ሰው የፈረሰኞች ክበብ ፈልጊ ይልሽ ይሆናል። እኔ ዛሬ አብረውኝ ከሚጋልቡት መካከል አንዱንም በክበብ አላገኘሁም። ሁሉንም ያስተዋወቀኝ ፈረሴ ነው፤ ያስተዋወቀኝም መንገድ ላይ፣ እየሄድን ሳለ ነው።

በጣና ዳር ለሽርሽር ብሎ ፈረስ የሚጭን ሰው ጥቂት ነው። ገበያ ለመውረድ፣ ለቅሶ ለመድረስ፣ ሠርግ ወይም ክርስትና ተጠርቶ ፈረስና በቅሎ የሚጭን ግን ሞልቷል። ፍለጋሽን ከእነዚህ ሰዎች ጀምሪ። ቅዳሜ የባሕር ዳር ገበያ ስለሆነ ከገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማው የሚያስገቡት መንገዶች ጠዋት በሰውና በእንስሳ ይሞላሉ። ጠዋት ግን አታስቁሚያቸው፤ ሁሉም ያመጣውን ሸጦ ለመገላገል ይቸኩላል። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ነገሩ ሌላ ነው። ጭነቱ ቀሏል፣ ሰውየው ጨዋታ ይፈልጋል፣ እንስሳውም ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ያለ ጉትጎታ ይራመዳል። በዚያ ሰዓት ደርሰሽ "እንደምን ዋላችሁ" ብለሽ እርምጃሽን ከእነርሱ ጋር ካስተካከልሽ ወሬው በራሱ ይመጣል።

ወሬው የሚጀምረው ደግሞ ከፈረሱ ነው። በአገራችን ፈረስ ባለቤቱን ያስጠራል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። እኔ ያገኘኋቸው የገጠር ሰዎች አብዛኞቹ የእኔን ስም ከመጠየቃቸው በፊት የፈረሴን ስም ጠይቀዋል፤ ቀጥለው ዕድሜውን፣ ከየት እንደመጣ፣ ገብስ ወይስ ባቄላ እንደሚበላ። ስለዚህ ፈረስሽን ደግመሽ ደጋግመሽ ለማስተዋወቅ አትሰልቺ። የእነርሱንም እንስሳ እንደዚያው ጠይቂ። በቅሎውን ያመሰገንሽለት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ከሩቅ ያውቅሻል።

የእኔ ፈረስ ደመላሽ የሚባል ዳማ ሰንጋ ነው። አንድ ጊዜ በመስከረም፣ ከዘጌ በሚያመጣው መንገድ ስንመለስ አንድ ወንዝ ከወትሮው ሞልቶ አገኘነው። ደመላሽ ዳር ላይ ደርሶ ቆመ። ጆሮዎቹ ወደ ፊት ተቀስረዋል፣ የፊት እግሮቹን ተክሏል፣ በአፍንጫው እየነፋ ደፍራሹን ውኃ ያያል። ከኋላችን በበቅሎ የመጡ አባት ደረሱና ስሙን ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። "ልጄ፣ አትምታው፤ ዛቡን ላላ አድርግለትና እኛን ያስከትለው" ብለው በቅሎዋን አስቀደሙ። በቅሎዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ውኃውን አሸተተች፣ አንድ እግሯን አስገብታ ድንጋዩን ፈተነች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ገባች። ደመላሽም በቅሎዋ ባሸተተችበት ቦታ አሽትቶ፣ እርሷ በረገጠችበት ረግጦ ተሻገረ። ከዚያ እስከ መገንጠያው ስለ ገብስ ዋጋ እየተጨዋወትን ሄድን። በሌላ ቅዳሜ እዚያው መገንጠያ ላይ ጠበቅኋቸው። ከልጆቻቸው ሁለቱ ጋላቢዎች ናቸው፤ ዛሬ ከማንም በላይ አብሬ የምወጣው ከእነርሱ ጋር ነው።

ፈረሶቹ ሳይስማሙ ሰዎቹ ብቻ ቢዋደዱ አብሮ መጋለብ አይቻልም። ስለዚህ አዲስ ፈረስ ስታገኙ አፍንጫ ለአፍንጫ እንዲተዋወቁ አትፍቀጂ። ለሰው ዓይን ደስ ይላል፤ ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻው ጩኸትና የፊት እግር ምት ነው። ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው ሰፊ ቦታ ትታችሁ፣ በአንድ አቅጣጫ አራምዷቸው። ሲረጋጉ ቀስ በቀስ ትቀራረባላችሁ። ከኋላ ስትከተዪ ቢያንስ አንድ የፈረስ ርዝመት ያህል ራቂ። ጆሮውን ወደ ኋላ የለጠፈ ፈረስ ካየሽ የበለጠ ራቂ። የሌላው ፈረስ ድንጉላ ከሆነና አንቺ ባዝራ ከያዝሽ ገና ከሩቅ ተናገሪ፤ ጨዋ ጋላቢ ይህን ሲሰማ ራሱ መንገድ ይለቅልሻል።

አጠገብሽ ሌላ እንስሳ እያለ ድንገት አትጋልቢ። አንዱ ሲሮጥ ሌላው መከተሉ ተፈጥሮው ነው፤ የተቀመጠበት ሽማግሌ ይሁን ሕፃን አይመርጥም። አብሮሽ ያለው ሰው ወርዶ ኮርቻውን ሲያጠብቅ ቁሚ፣ እግሩን እርካብ ውስጥ አስገብቶ እስኪደላደልም አትንቀሳቀሺ። ብቻውን የቀረ መስሎት የሚደነግጥ ፈረስ ባለቤቱን ጥሎ ይሄዳል። ውኃ ላይም ሁሉም ጠጥተው እስኪያበቁ መቆም ነው። እኔ ሰውን የምመዝነው በዚህ ነው፤ ፈረሴ ውኃ ሲጠጣ የማይጠብቀኝ ሰው ጋር ሁለተኛ አልወጣም። የጉግስ ልምምድ ሲኖር ሄደሽ ብታዪ ደስ ይልሻል፣ ግን የመንገድ ጓደኛ መፈለጊያ ቦታ አይደለም። ፈረሶቹም ሰዎቹም በዚያ ሰዓት ደማቸው ሞቋል።

ለቅሶ የሚሄድ ሰው ስታገኚ፣ ሽማግሌ በእግሩ ሲመጣ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስታልፊም ውረጂ። ይህን አንቺ ከቤትሽ ታውቂዋለሽ፤ የምደግመው ከከተማ የመጣ ጋላቢ ብዙ ጊዜ ስለሚረሳውና የገጠር ሰው ግን ስለማይረሳው ነው። ሴት በመሆንሽ የሚያፈጥብሽ ሰው ይኖራል። ከሰውየው ይልቅ አስቀድመሽ ከሚስቱና ከእናቱ ጋር ተዋወቂ። ቡና ጠጪ ብለው ሲጠሩሽ ፈረስሽን አስረሽ ግቢ፤ ያ ቤት ካወቀሽ መንደሩ አወቀሽ ማለት ነው።

ስለ መንገዶቹ ትንሽ ልበል። በቤዛዊት ኮረብታ በኩል ጥሩ የእግር መንገድ አለ፤ ነገር ግን ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ሲመሽ አትቆዪ፤ ጉማሬ ለግጦሽ ከውኃ የሚወጣው ማታ ነው። ዘጌ ስትሄጂ ደግሞ በዚያ ምድር ማረስና ከብት ማርባት ከጥንት ጀምሮ ስለማይፈቀድ፣ እኔ ፈረሴን ከመንደሩ በፊት ለሰው አደራ ሰጥቼ ወደ ቡናው ጫካ በእግሬ ነው የምገባው። በሐምሌና በነሐሴ ዋልካው ኮርቻ ድረስ ስለሚያስገባ ረጅም መንገድ አታስቢ። በየትኛውም ጊዜ ከመውጣትሽ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቂ፤ ይህን ዜና ደግሞ ከገበያ ተመላሾች በላይ የሚያውቅ የለም።

ፈረስሽ ከደጋ የመጣ መሆኑንም አስቢ። የአዊዋ ኢንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ነው። ሙቀቱ ይከብደዋል፤ ፀሐይ ሳይበረታ ውጪ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን የሚያስተላልፉት ደቃቅ ትንኞች ረግረጋማ ቦታ ይወዳሉ፤ የሚናደፉትም በብዛት ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ሳይመሽ በረት ይግባ፣ ክትባቱንም ክረምቱ ሳይገባ አስከትቢው። ከሌሎች ፈረሶች ጋር መገናኘት ሲጀምር ይህ የአንቺ ብቻ ጉዳይ አይሆንም፤ ጠያቂ ጓደኛ "ፈረስሽ ተከትቧል?" ቢልሽ አትቀየሚ።

ደግሞም አንቺ ከብዙዎቻችን የተሻለ ዕድል አለሽ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ኢንጅባራ ላይ ለበዓሉ የሚሰበሰበውን ፈረሰኛ ዓይተሻል። ባሕር ዳር ውስጥ የሚሠሩ የአዊ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ፈረሳቸውን አገር ቤት ትተው የመጡም አሉ። ለእነርሱ የአንቺን ፈረስ ልጓም መያዝ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ጠይቂያቸው፤ ፈረስ ያለው ዘመድ የሌለው የለም።

እኛ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤዛዊት በኩል እንወጣለን፤ አራት ወይም አምስት ፈረስና ወንዙ ላይ ያገኘኋቸው አባት በቅሎ። በኅዳርም ድርቆሽ በጋራ ገዝተን እንካፈላለን፤ ብቻሽን ከምትገዢ ይረክስልሻል። ለመጀመሪያ ቀን ረጅም ገመድ ያዢና ፈረስሽን እየሳብሽ በእግርሽ ነዪ። ደመላሽ እንግዳ ሲያይ ያሽካካል እንጂ አይራገጥም። ስሙን ግን አልጻፍሽልንም፤ ፈረስሽ ማን ይባላል?