አንድ ፊደል፣ ብዙ አፍ

ውድ ልጆቼ፣ በተለይ የአስተርጓሚነት ሥራ የጀመራችሁ፤

አውሮፓ ውስጥ ለስደተኞች አስተርጓሚ ስመድብ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣ አንድ ቀን አለ። ፓኪስታን ውስጥ ከአፍጋኒስታን ድንበር አጠገብ ካለችው ዋዚሪስታን የመጡ አንዲት እናት ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። ፎርሙ ላይ «ቋንቋ፦ ፓሽቶ» ይላል፤ አፍጋኒስታንና ፓኪስታን ውስጥ የሚነገር ቋንቋ ነው። እኔም ሌላ ሳልጠይቅ ከደቡብ አፍጋኒስታን አንድ የካንዳሃር ልጅ ላክሁ። ጎበዝ ነው፣ የተማረ ነው። ሴትየዋ ስለ ወላጆቻቸው ሕመም ሲናገሩ እናትን «ሜር»፣ አባትን «ፕሎር» ይላሉ። እሱ የሚያውቀው «ሞር» እና «ፕላር» ነው። ሁለት ሦስቴ አቋረጣቸው። በመጨረሻ «እባክዎ በትክክለኛው ፓሽቶ ይንገሩኝ» አላቸው። ዝም አሉ። ቀጠሮው እንዲሁ አለቀ። በልጁ አላሳብብም፤ ሳልጠይቅ የላክሁት እኔ ነኝ።

«ትክክለኛው» የምትለዋን ቃል እርግፍ አድርጋችሁ ተዉአት። የቋንቋውን ስም ራሱን እዩት። መሐሉ ላይ ከላይ አንድ፣ ከሥር አንድ ነጥብ ያላት ፊደል አለች። ካንዳሃሮች ምላሳቸውን ወደ ኋላ አጥፈው «ሽ» ይሏታል። ፓኪስታን ውስጥ ኩዌታ ላይ እንደኛው «ሽ» ነች። እዚያው ፓኪስታን ፔሻዋር ስትደርሱ «ኽ» ትሆናለች። አንዱ ፓሽቶ ይላል፣ ሌላው ፓኽቶ። ሲጽፉ ግን ሁሉም ያችኑ ፊደል ይጽፋሉ፤ አንባቢው በራሱ አፍ ያነባታል። እኛ «ሠ» እና «ሰ»ን ለይተን ጽፈን አንድ አድርገን እናነባለን። እነሱ አንድ ጽፈው ለየብቻ ያነባሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ለዚህ አጻጻፍ ብዙ ተደክሟል። እ.ኤ.አ. በ1936 አፍጋኒስታን ፓሽቶን በንጉሥ አዋጅ የመንግሥት ቋንቋ አደረገች። በዓመቱ ካቡል ላይ ፓሽቶ ቶላና የተባለው አካዳሚ ተቋቋመ። በ1955 ፔሻዋርም የራሱን አገኘ። በ1990 የሁለቱም አገር ጸሐፊዎች ፓኪስታን ውስጥ ባራ ጋሊ ላይ ተሰብስበው ስለ አጻጻፉ መከሩ። ስለዚህ ስትጽፉ ወጥ የሆነውን አጻጻፍ አጥብቃችሁ ያዙ። ፓሽቶ «ዬ» የምትባል ፊደል አምስት ዓይነት አለው። «ሰረይ» ማለት ወንድ ነው፣ «ሰሪ» ወንዶች። ወረቀት ላይ የሚለያቸው ከመጨረሻዋ «ዬ» ሥር ያሉት ሁለት ነጥቦች ናቸው። እነሱን የዘለለ አስተርጓሚ ብዙውን ሰው አንድ ያደርገዋል።

ሰው ሲናገር ግን አታርሙ። አዳምጡ፣ ካልገባችሁ በትሕትና ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የት እንዳደጉ ጠይቁ። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ፎርሙ ላይ «የየት አካባቢ?» የምትል አንዲት መስመር አስጨመርኩ።

ለእኚያ እናት ሁለተኛ ቀጠሮ ሲያዝ አንድ የባኑ ሰው ፈልጌ ላክሁ። ባኑ የዋዚሪስታን ጎረቤት ነው። ገና ከመቀመጡ «ሜር እንዴት ናቸው?» አላቸው። ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ሐኪሙ «ይበቃል» እስኪል ድረስ አወሩ።