አሮጌው ግንብ የሥዕል ማሳያ ከመሆኑ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ከአንኮበር እስከ መንዝ የቆዩ የድንጋይ ቤቶችን የዘመኑ ሥዕል ማሳያ ለማድረግ ለምታስቡ ወጣት አርክቴክቶች፣ ሠዓሊዎችና ግንበኞች ነው። አንኮበር በ1925 ዓ.ም. ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የተወለደባት ከተማ ናት፤ ከቤተ መንግሥቷ ግን ዛሬ የቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ የቆመውን እንዳታፈርሱት እሰጋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም የሚጠላው ሳይሆን የሚያድሰው ሰው ነው።

በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ጥገና አትጀምሩ። ፈቃዱ እስኪመጣ ቤቱን ለኩ፤ በ1፡50 መጠን (የቤቱን 50 ሳንቲ ሜትር በወረቀት ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ) ሣሉት፤ እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሡ።

ከዚያ አንድ ክረምት ጠብቁ። በየስንጥቁ ላይ በግንቦት አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጀሶ ማኅተም ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ልስኑን መጀመሪያ ፋቁለት፤ ጀሶው ድንጋዩን ካልያዘ የሚሰነጠቀው ልስኑ ይሁን ግንቡ አታውቁም። በመስከረም ማኅተሙ ደህና ከሆነ ስንጥቁ አሮጌ ነው፤ ከተቆረጠ ግድግዳው ዛሬም እየሄደ ነውና መሐንዲስ ጥሩ። በዝናብ ሰዓት ውስጡን ዙሩ፤ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበውን፣ ከመሠረቱ የሚወጣውን እርጥበት ለይታችሁ መዝግቡ። ከቤቱ ውጭ ያለው አፈር በዘመናት ተቆልሎ ከወለሉ በላይ ሆኖ ይገኛል፤ ከወለሉ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ቀስ ብላችሁ አንሡት። ቦይ ስትቆፍሩ ግን ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቁ፤ የእነዚህ ቤቶች መሠረት ጥልቀት የለውም።

ስለ ሲሚንቶ አጥብቄ ልናገር። በጭቃ የተገነባ ግንብ ውኃ ይጠጣል፣ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ስትለስኑት የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፤ ውስጡ ያለው ጭቃ ይሟሟል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ይወጣል፤ በመጨረሻም ልስኑ ያብጥና የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወድቃል። በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ይህ ሲሆን ጥፋቱ በአሮጌው ግንብ ይላከካል። የሚሠራው ኖራ ነው። ድንጋይ ኖራውን (ተቃጥሎ ገና ውኃ ያልነካውን) ቀስ በቀስ ወደ ውኃ ጨምሩት፤ ውኃ በኖራ ላይ አታፍስሱ፤ ፈልቶ ዓይን ያጠፋልና መነጽር አድርጉ። የበረደው ኖራ በውኃ ተሸፍኖ ቢያንስ 3 ወር ይቀመጥ፤ ከዚያ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ። ግድግዳውን አርጥባችሁ በስሱ ለስኑ፤ ውርጭ ባለበት በኅዳርና በታኅሣሥ አትሥሩ፤ የደብረ ብርሃን ሌሊት ያልደረቀ ኖራን ያፈርሳል።

ሥዕል ለመስቀል በዚህ ግንብ ላይ ምስማር አትምቱ፤ ፊሸርም (ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ) ጭቃ አይይዝም። ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ በወለሉ ላይ የሚቆም የሞራሌ ክፈፍ ሥሩ፤ ቋሚዎቹን በየ60 ሳንቲ ሜትር አድርጉና 18 ሚሊ ሜትር ኮምፖርሳቶ ልበሱት። ከላይም ከታችም ክፍት ይሁን፤ አየር ካልዞረ ከኋላው ሻጋታ ያበቅላል። የኤሌክትሪክ ሽቦውን በዚህ ክፈፍ ውስጥ አሳልፉት፤ በመሮ ግድግዳ አትቦርቡሩ። የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢውል ለአብዛኛው ሰው ዓይን ይስማማል።

መስኮት ለማስፋት ይከጅላችኋል። ተዉት። የደጋው ፀሐይ ቀለም የሚያደበዝዝ ጨረሯ ብርቱ ነው፤ ጨረር የሚያግድ ፊልም በመስታወቱ ላይ ለጥፉ። ለዘይት ቀለም ሥዕል 200 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለወረቀት ሥራና እንደ መንዝ ባና ላለ የሱፍ ሽመና 50 ሉክስ ይበቃል። በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ጉም በር ሲያገኝ ይገባል፤ እርጥበቱ 65 በመቶን ሲያልፍ ሻጋታ ይነሣልና እርጥበት መለኪያ ስቀሉ፤ ጉም ባለበት ሰዓት በሩን ዝጉ። በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ካልሠራችሁ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ጠል ሆኖ ሸራው ላይ ይንጠባጠባል።

በምረቃው ዕለት ብርዱን ለመስበር ከሰል አቀጣጥለን እናስገባ የሚላችሁ አይጠፋም። እንቢ በሉ፤ ጥላሸቱ ሥዕሉ ላይ ይቀመጣል፣ ጭሱም በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። እንግዳው ጋቢውን ደርቦ ይምጣ።